ኢኮኖሚው አገገመ ይባላል፤ የእኔ ፕሮፎርማ ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው

ብረት ሠሪው (ክሩን የጀመረ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ፖለቲካ ልጀምር አይደለም፣ እባካችሁ እዚያ አትውሰዱብኝ። የምር ጥያቄ ነው።

ኮልፌ አካባቢ በርና መስኮት እሠራለሁ። ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ አልፎ አልፎ የአጥር በር። 11 ዓመት ሆነኝ። ድሮ ደንበኛ ሲመጣ ለክቼ፣ አስልቼ ፕሮፎርማ እጽፍለት ነበር። ከታች «ይህ ዋጋ ለ30 ቀን ይጸናል» ይላል። ማኅተም መትቼ እሰጠዋለሁ። ሰውየው ቤቱ ሄዶ ይመክራል፣ ዕቁቡ እስኪወጣለት ይጠብቃል፣ በወሩ ይመለሳል። ዋጋው ያው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ሲባል የአንድ የግል ትምህርት ቤት የ14 ክፍል በርና መስኮት ይዤ ነበር። ቀብድ ተቀብያለሁ። ብረቱን ግን ግማሹን እንኳ አልገዛሁም። በማግስቱ ስሄድ ነጋዴው መጋዘኑን ዘግቶታል። «ዋጋ አልወጣም» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ሲከፍት የነገረኝን ዋጋ ሰምቼ ደንግጬ ቀረሁ። ሥራውን ጨረስኩ፣ ስሜን ማበላሸት አልፈለግሁም፣ ግን ከኪሴ ነው የጨረስኩት። ስድስት ሠራተኛ ነበረኝ፣ አሁን ሁለት ናቸው። ፕሮፎርማዬ መጀመሪያ 15 ቀን ሆነ፣ ከዚያ ሳምንት፣ አሁን 3 ቀን ነው የምጽፈው። ደንበኛው 3 ቀን የሚለውን ሲያይ እንደ ሌባ ያየኛል።

አሁን ዜና ስከፍት በ2017 ዓ.ም. ኢኮኖሚው 9.2 በመቶ አደገ፣ የዋጋ ንረት ወረደ፣ ኤክስፖርት ከእጥፍ በላይ ሆነ ይላል። ውሸት ነው አልልም። ቁጥሩን የሚያወጡት ሰዎች ከእኔ የበለጠ ተምረዋል። ግን እኔ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው? ወይስ ደርሶ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ዳታው ይናገር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ የደረሰብህ ቀላል አይደለም። ግን ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረውን ቶሎ ረሳኸው መሰለኝ። ባንክ ላይ ዶላር 57 ብር ነበር ይባላል። እስኪ በ57 ብር ዶላር ያገኘ እጁን ያውጣ! አስመጪው ወረፋ ይዞ ዓመት ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው በጥቁር ገበያ በእጥፍ ይገዛል። አንተ የምትገዛው ላሜራ ያኔም ቢሆን በ57 ብር የመጣ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ላይ አገሪቱ የዩሮቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበት ሰነድ) ወለድ መክፈል አቅቷት ቀርታለች። ስንት? 33 ሚሊዮን ዶላር። በቢሊዮን አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተመልከት። አይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ብቻውን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም ፈቀደ። ኤክስፖርት ከ3.8 ቢሊዮን ወደ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፣ በአንድ የበጀት ዓመት። የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ላይ ከ37 በመቶ በላይ ነበር፣ በእኛ 2017 መጨረሻ ወደ 13 አካባቢ ወርዷል። ይህ ማገገም ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ማህደር ክፍል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

«ወረደ» የሚለውን ቃል እኔ ገበያ ላይ አላየሁትም። የት ነው የወረደው? የወረደበትን ሰፈር ንገሩኝና ልከራይ 😅

ዳታው ይናገር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ንረቱ ነው የወረደው፣ ዋጋው አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅዪ።

ማህደር ክፍል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

እኔ አልቀላቀልኩም፣ ዜና አንባቢው ነው የቀላቀለው። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲል እናቴ ተነስታ ዘይት ልትገዛ ነበር እኮ።

የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደሞዝ ተጨምሯል፣ አልክድም። በዲግሪ የሚቀጠር ሰው መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ገብቷል። ወሬው ሲሰማ አከራዬ ከእኔ ቀድማ ነው ያወቀችው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጄ የሚገባው 8,600 ገደማ ነው። የዶላሩ ዋጋ ያኔ ባንክ ላይ 150 ገደማ ስለነበር እስኪ አካፍሉት፣ 60 ዶላርም አይሞላም። እኔ ዶላር አልበላም፣ እሱን አውቃለሁ። የምበላው ግን ሁሉ በዶላር ነው የሚያስበው። ሽንኩርቱም።

የባንኩ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል። ስለዚህ ሁለት ነገር ላስረዳ፣ ከዚያ ትሰድቡኛላችሁ።

አንደኛ የንረቱ ነገር። 100 ብር የነበረ ዕቃ አለ እንበል። ዓመቱን 30 በመቶ ጨመረ፣ 130 ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና 30 ጨመረ፣ 169 ገባ። በሦስተኛው ዓመት «ተመስገን ንረቱ ወደ 13 ወረደ» ተባለ። ዕቃው 191 ሆነ ማለት ነው። ወረደ የተባለው የአወጣጡ ፍጥነት ነው። መኪናው ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ ነበር፣ አሁን በአንደኛ ይወጣል። ቁልቁል ግን አልጀመረም፣ የሚጀምርም አይመስለኝም። የተወደደ ዋጋ እዚያው ይቀራል፣ መድረስ ያለበት ገቢያችን ነው። እና የማህደር ክፍሏ እህቴ ትክክል ናት፣ ዳታውም ትክክል ነው። የሚያጣላቸው አንዱ ፍጥነቱን ሌላዋ ርቀቱን እያየች መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ብረት ሠሪው፣ ይህ አንተን ነው የሚመለከተው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ብሔራዊ ባንክ ገደብ አድርጓል። ያኔ ንረቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። እስኪ አስበው፣ የዕቃ ዋጋ በ25 እያደገ ብድር በ14 ብቻ ካደገ ብድሩ ዕቃ የመግዛት አቅሙ እየሟሸሸ ነው ማለት ነው። ገደቡ ኋላ ወደ 18 ከፍ አለ፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24። ንረቱን ካወረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፣ ገንዘብ ማነቅ። ሠርቷል። ግን የታነቀው ገንዘብ የማን ነበር? ትልቁ ደንበኛ ቀድሞ ተሰልፎ ይወስዳል፣ እንዳንተ ያለው በርና መስኮት ሠሪ ሲመጣ ኮታው አልቋል። ስንት ሰው «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ና» ብዬ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፊታቸው ሌሊት ይመጣብኛል።

ተራ ቆጣቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡18

ስለ ብድር ካወራህ አይቀር ስለ ቁጠባም ንገረን። እኔ 100 ሺህ ብር አስቀምጬ 7 በመቶ ነው የሚከፈለኝ።

የባንኩ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡24

ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 የሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያኔ ብር በ15 በመቶ ሲዳከም ከ5 ወደ 7 ከፍ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሲገለባበጥ ሰባቷ እዚያው ተቀምጣለች። 100 ሺህህ በዓመቱ 107 ሺህ ይሆናል። በ100 ሺህ ትገዛው የነበረው ዕቃ በ13 በመቶ ንረት 113 ሺህ ሆኗል። አስቀምጠህ 6 ሺህ ከሰርክ። ይህን ስል አለቃዬ እንዳያየኝ።

ተራ ቆጣቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡26

ታዲያ ምን ላድርግ? ብሎኬት ልግዛና ግቢ ውስጥ ልደርድረው?

የባንኩ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡27

ሰው የሚያደርገው እሱን ነው እኮ። ለዚህ ነው በየሰፈሩ መስኮት የሌለው ፎቅ የበዛው።

ብረት ሠሪው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

መስኮት የሌለው ፎቅ ስትል ነካኸኝ 😂 እኔ የምኖረው በመስኮቱ ነው! ሰው ብሎኬቱን ገዝቶ ይደረድራል፣ ግድግዳው ይቆማል፣ ለበርና ለመስኮት ሲደርስ ብሩ ያልቃል። መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ስለሆነ ችግሩን መጀመሪያ የምንቀምሰው እኛ ነን።

አሌክሳንድሪያ 22
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡15

ሌሊት ነው እናንተ ጋ፣ ይቅርታ፣ እኔ ከሥራ መግባቴ ነው። ቨርጂንያ 24 ዓመት ኖሬአለሁ፣ ታክሲ፣ ፓርኪንግ፣ ሊሞ፣ ያልነዳሁት የለም። የዚህ ልጅ ጥያቄ የ2009ን ነገር አስታወሰኝ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ወደቀ። ከዚያ በፊት እዚህ የኛ ልጆች ቤት ሲገዙ ገቢህን እንኳ በደንብ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ በታክሲ ገቢ ሦስት መኝታ ቤት ገዛሁ። ወለዱ የሚቀያየር ብድር ነበር፣ በሦስተኛው ዓመት ክፍያው ዘለለ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ጠፋ። ቢሮዎች ሰው ሲቀንሱ መጀመሪያ የሚቀረው ታክሲ ነው። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አራት ሰዓት ቆሜ የአስር ደቂቃ መንገድ የሚደርሰኝ ጊዜ ነበር። ቤቱን ባንኩ ወሰደው።

አሁን ወደ ነጥቤ። ኋላ ላይ ባለሙያዎቹ ተሰብስበው «የኢኮኖሚው ውድቀት ሰኔ 2009 ላይ አብቅቷል» አሉ። ይህን ያወጁት መስከረም 2010 ነው። ሥራ አጡ ቁጥር 10 በመቶ ደርሶ ጣሪያ የነካው ግን ጥቅምት 2009 ነው። ማለትም «አበቃ» ከተባለበት ቀን በኋላ! የጠፋው የሥራ ቦታ በቁጥር ተመልሶ የሞላው 2014 ነው። እኔ ሬድዮውን ስሰማ የወንድሜ ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። እና ዋሹ ማለት አይደለም። እነሱ የሚለኩት ጉድጓዱ መጥለቁን ማቆሙን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የሚለካው ከላይ ያለውን ሰማይ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ አገር ቤት ያለውን ከዚህ ጋር አንድ ነው እንዳትሉ። እዚህ ያኔ ዋጋ አልናረም። ቤንዚንም ቤትም ረከሰ፣ ሥራው ነው የጠፋው። እናንተ ጋ ሥራው ካለም ብሩ ነው ውስጡ የተበላው።

ማህደር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡02

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቤቱ ነገር ግን አሳዘነኝ። መልሰው ገዙ?

አሌክሳንድሪያ 22
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡50

አልገዛሁም የኔ ልጅ። ተከራይቼ ነው የምኖረው። ልጄ ገዝታለች፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት።

ይርጋለም ቡና
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡30

እዚህ ክር ላይ ሁሉም አዲስ አበባ ሆኖ ነው የሚያወራው መሰለኝ። እኛ ጋ ያለውንም ስሙ። አባቴ ቡና አለው፣ ብዙ አይደለም። ባለፈው ዓመት እሸት ቡና የሸጠበትን ዋጋ ሲነግረኝ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። ግማሹ የዶላሩ ነገር ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቡና በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቶ ስለነበር ነው፣ ብራዚል ድርቅ መትቷት። አገሪቱ ከቡና ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ያገኘችው። አባቴ ቤቱን በቆርቆሮ አልብሷል፣ ሁለት ጥጃ ገዝቷል። ስለዚህ «ለማንም አልደረሰም» አትበሉ። ደርሷል። መርካቶ አልደረሰ ይሆናል።

ግን እውነቱን ለመናገር ማዳበሪያውም አብሮ ነው የወጣው። እና የዘንድሮው ዋጋ እንደ አምናው ይሆናል ብሎ የሚምል የለም።

ብረት ሠሪው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡15

ይርጋለም፣ አባትህን እንኳን ደስ ያላቸው በልልኝ። የምሬን ነው። ይህን ነበር መስማት የፈለግሁት። በር ካስፈለጋቸው ትራንስፖርቱን እችላለሁ 😀

ሻኪሶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዳታው ይናገር፣ ያ 8.3 ቢሊዮን ያልከው ውስጥ ወርቅ ስንት እንደሆነ ለምን አልነገርካቸውም? ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋው ወርቅ ነው። እኔ ከወርቅ አገር ነኝ። ወርቁ አምና ድንገት ከመሬት አልፈለቀም። ድሮም ነበር፣ በጎን ይወጣ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ57 ብር ሂሳብ ሲገዛ ማን ሞኝ ነው እዚያ የሚሸጠው? አሁን በደህና ዋጋ ስለሚገዛ ሰዉ ወደ ሕጋዊው መጣ። በዚያ ላይ የወርቅ ዋጋ በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ። ጥሩ ነው፣ ለአገር ጥሩ ነው። ግን ትላንት በጨለማ የሚያልፈውን ዛሬ በብርሃን ቆጠርነው ማለት አዲስ ሀብት ተፈጠረ ማለት አይደለም።

ዳታው ይናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እሺ ይህን እቀበላለሁ። ከፊሉ የቆጠራ ለውጥ ነው፣ ከፊሉ የዓለም ዋጋ ነው። ግን በብርሃን የተቆጠረ ዶላር መድኃኒትና ነዳጅ ይገዛል። በጨለማ የወጣው ዱባይ ነው የቀረው። ይህ ልዩነት የለውም?

ሻኪሶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡24

አለው። እኔ የምልህ የወርቅ ዋጋ ሲወርድ ምን ይዘን እንቀራለን ነው። አገር የሚያገግመው በፋብሪካ ነው እንጂ በማዕድን አይደለም።

ሐዋሳ የነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ፋብሪካ ካነሳችሁ። እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ላይ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስንወጣ ትዕዛዝ መቅረት ጀመረ። ከእኔ ሥር የነበሩት ልጆች ግማሾቹ አሁን ዓረብ አገር ናቸው። አንዷ በቀደም ከሪያድ ደወለችልኝ፣ «ስፌት አልረሳሁም፣ ልብሳቸውን እኔ ነኝ የምሰፋው» አለችኝ። ብር ሲረክስ ኤክስፖርት የሚያደርግ ፋብሪካ ይበረታል ይባላል፣ መጽሐፉ ላይ። ግን ፋብሪካው ከተዘጋ ብሩ ቢረክስ ማንን ነው የሚያበረታው?

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሦስት አስተያየት አንስቻለሁ። ብሔር ውስጥ ሳትገቡ ስለ ላሜራ ተከራከሩ።

ትርሲት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ አልጽፍም፣ አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ችግሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። ዶላር 1,500 ሊራ ነበር፣ ዓመታት ሙሉ አልነቃነቅም ብሎ የቆየ። ከዚያ 3 ሺህ፣ 10 ሺህ፣ እያለ እያለ 90 ሺህ አካባቢ ሄደ። ማዳሜ ባንክ ውስጥ ዶላር ነበራት፣ ብሯ እዚያ ተቀምጦ እያየችው ማውጣት አልቻለችም። መጀመሪያ ደሞዜን በሊራ ሰጠችኝ። ቀጥላ ግማሹን። በመጨረሻ ሰኔ 2020 ላይ ከነሻንጣዬ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርዳኝ ሄደች። እዚያ ስደርስ እንደኔ አስፋልት ላይ የተቀመጡ ብዙ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ልወዳደር ብዬ አይደለም። እዚህ ባንክ ሄጄ የራሴን ብር ማውጣት እችላለሁ፣ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግን እዚያም በየወሩ «አሁን ታች ነክተናል፣ ከዚህ በኋላ ወደ ላይ ነው» የሚል ሰው በቴሌቪዥን ይቀርብ ነበር። ለዚህ ነው «አገገመ» ሲሉ ሆዴን ባር ባር የሚለኝ።

ማህደር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡38

ትርሲትዬ እንኳን በሰላም መጣሽልን።

ኤንጂኦ ነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እኔስ የት ቁጥር ውስጥ ነው የምገባው? ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ከጠዋቱ ሥራ አቁሙ የሚል ኢሜይል ደረሰን፣ ከሰዓት ላፕቶፕ አስረከብን። ቢሮ ውስጥ ሻይ እያፈላች ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ነበረች፣ ከሁላችን ለእሷ ነው ያዘንኩት። እኔ ቢያንስ ትንሽ ጥሪት ነበረኝ። የባለሙያ ሰው ሥራ አጣ ብሎ የሚቆጥር ያለ አይመስለኝም፣ እኔም «ኮንሰልታንት ነኝ» ነው የምለው ሲጠይቁኝ 🙂

ብረት ሠሪው፣ የነገርከን መስኮት የሌለው ቤት አንዱ የኔ ነው። ለሚ ኩራ አካባቢ። ሊንቴል (ከበርና መስኮት በላይ ያለው ኮንክሪት) ላይ ደርሶ ቆመ። በሩን በቆርቆሮ ዘግቼዋለሁ፣ ንፋስ ሲመጣ ሰፈሩን ሁሉ ያነቃዋል፣ ጎረቤት ተማሮብኛል።

ዳታው ይናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ክርክር አይደለም። ምን ብታዩ ነው የምታምኑት? ምክንያቱም ቁጥር ሳቀርብ ቁጥር አትመኑ ትሉኛላችሁ፣ የይርጋለሙ ልጅ ቆርቆሮ ሲል ደግሞ እሱ ቡና ስላለው ነው ትላላችሁ። ጥርጣሬ ጥሩ ነው፣ ግን ማለቂያ ይኑረው።

የባንኩ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ቁጠባ የሚያስቀምጥ ሰው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ካልከሰረ አምናለሁ። ወይ ወለዱ ከንረቱ በላይ ይሁን ወይ ንረቱ ከ7 በታች ይውረድ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ማህደር ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

አከራዬ ሳትጨምር አንድ መስከረም ካለፈ።

ሐዋሳ የነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡47

ከሪያድ አንዷ ልጅ ስልክ ደውላ «ሥራ አለ ወይ፣ ልመለስ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ነይ» ካልኳት።

ተራ ቆጣቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ታክሲ ላይ ረዳቱ መልስ ያለኝን ሳልጠይቀው ሲሰጠኝ። ቤንዚን መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ነበር፣ አሁን ከ120 በላይ ነው። ረዳቱም እኔም ሳንቲሟን እንፈልጋታለን።

አሌክሳንድሪያ 22
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8፡40

የኔን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. 2012 ይመስለኛል፣ አንድ ተሳፋሪ ከኤርፖርት አመጣሁ። ሲወርድ ሒሳቡን ከፍሎ ከላይ 10 ዶላር ጨመረ፣ ቢዝነስ ካርዴን ጠይቆኝ «ሐሙስ እመለሳለሁ፣ አንተ ና» አለኝ። ሐሙስ መጣ። ሰው ስለ ሐሙስ አስቦ ማውራት ሲጀምር ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት ሁሉም የሚያወራው ስለ ዛሬ ብቻ ነበር።

ብረት ሠሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ ይህቺን ሐሙስ ያሏትን ሌሊቱን ሙሉ ሳስባት አደርኩ። የኔም ያው ናት። የኔ ሐሙስ ያቺ ፕሮፎርማ ላይ ያለችው ቁጥር ናት። ዳታው፣ መልሴ ይኸው። «ለ30 ቀን ይጸናል» ብዬ እጄ ሳይንቀጠቀጥ የጻፍኩ ቀን አምናለሁ። ዋጋው ይርከስ እያልኩ አይደለም። ላሜራው ውድ ይሁን፣ ግን ውድነቱ ለአንድ ወር ይቁምልኝ። ደንበኛው ያስብበት፣ እኔም ለሠራተኛዬ «ለሚቀጥለው ወር ሥራ አለ» ልበለው። እኛን የገደለን ውድነቱ ብቻ አይደለም፣ አለመታወቁ ነው።

እውነት ለመናገር ደግሞ ካለፈው ክረምት ወዲህ ትንሽ ረግቷል። ነጋዴው መጋዘን መዝጋቱን ትቷል። ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከነሐሴ ጀምሮ በአንድ ዋጋ ነው የገዛሁት። 3 ቀን የምጽፈው ምናልባት ከገበያው ይልቅ የኔ ፍርሃት ይሆናል። የተቃጠለ ልጅ እሳት ሲያይ እንደሚሸሸው ነው ነገሩ። ይህን ትናንት ብትጠይቁኝ አላምንም ነበር።

ዳታው ይናገር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይህን ስክሪንሾት አደረግኩት 😄

ብረት ሠሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡33

አድርገው። ስድስቱ ሠራተኞቼ ሲመለሱ ደግሞ ፎቶ ትጨምርበታለህ። እስከዚያ ድረስ አላሸነፍክም።

ኤንጂኦ ነበርኩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ከክሩ ልውጣና፣ አንድ በር ብቻ ስንት ትሠራልኛለህ? መስኮቶቹ ይቆዩ። ዋናው በር፣ 90 በ2.10። ቆርቆሮው ሰለቸኝ፣ ጎረቤቱም ሰለቸው።

ብረት ሠሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡12

ላሜራው ስንት ሚሊ ይሁን? ለውጭ በር ከ1 ሚሊ በታች አልመክርህም፣ በእግር ሲመታ ይጎደጉዳል። ቁልፉን ራስህ ግዛ፣ እኔ ብገዛው እንደጨመርኩብህ ነው የምታስበው። ልኩን ደግሞ በእርስዎ ቃል አላምንም፣ ቅዳሜ መጥቼ እለካለሁ፣ ሊንቴሉ ጠማማ ከሆነ በሩ አይገጥምም።

ኤንጂኦ ነበርኩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

«እርስዎ» አልከኝ፣ ደንበኛ ሆንኩ ማለት ነው 😂 ፕሮፎርማው 3 ቀን ነው እንግዲህ? እኔ ክፍያ የሚገባልኝ ከአስር ቀን በኋላ ነው።

ብረት ሠሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡31

15 ቀን ብዬ እጽፍልሃለሁ። ቀብዱን ግን ቅዳሜ ይዘህ ጠብቀኝ፣ ሰኞ ላሜራውን አነሳለሁ።